ዜሮ ተብሎ የተጻፈ ሕመም

አጎቴ ያንን ወሬ ሊጀምሩ ሲሉ አውቃቸዋለሁ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ያስተካክሉና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ይቀስራሉ።

«ይህችን ልጅ ታያላችሁ? ሆዷን ከጎን እስከ ጎን ቀደው፣ ጉበቷን ገምሰው ለወንድሟ ሲሰጡት አንድ ቀን እህ አላለችም። የዚያ አገር ሐኪሞች ጉድ አሉ። የየት አገር ዘር ናት ቢሉኝ፣ የመንዝ ናት አልኳቸው።»

በሠርግ አውርተውታል። በተዝካር አውርተውታል። ሞላሌ ገበያ ላይ ከማያውቋቸው በግ ሻጮች ጋር ሳይቀር አውርተውታል። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ «የሴት ወንድ» የሚለኝም አለ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ፈገግ እላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ፈገግ ስል ኖርኩ፤ ውስጤ ግን እንደ እርጥብ እንጨት ይጨስ ነበር። ወሬው ውሸት ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። እውነት ነው፣ እህ አላልኩም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ያኔ መሐል ሜዳ ሳይንስ አስተምር ነበር። ኢሕአዴግ መምህሩንም ገበሬውንም አንድ ለአምስት አደራጅቶ በየሳምንቱ የሚሰበስብበት ዘመን ነው። ወንድም ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ሱቅ ነበረው። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን መጀመሪያ የወፍ በሽታ ነው ተባለና ሥር ተቀጥቅጦለት ጠጣ። ሆዱ ሲነፋና እግሩ ሲያብጥ አዲስ አበባ ወሰድነው፤ ጉበቱ አልቋል አሉን። መዳኛው አንድ ብቻ ነበር፦ ህንድ አገር ሄዶ፣ ደሙ ከሚገጥም የሥጋ ዘመድ ጉበት ተከፍሎ እንዲተከልለት።

የእኔ ደም ገጠመ። አላመነታሁም፤ ይህን ማንም እንዳይጠረጥርብኝ። ዛሬም ቢሆን እሰጠዋለሁ። ንዴቴ በሰጠሁት ላይ አይደለም።

ወንድምና እህት መሆናችንን ቀበሌው በደብዳቤ እስኪመሰክር ሦስት ሽማግሌ ቀረበ፤ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ነው ተብሎም ሁለት ጊዜ ተመለስን። ጎረቤቱ ደግሞ በጉበቴ ላይ ይከራከር ነበር። የተረፈው መልሶ ያድጋል ብላቸው የሚያምነኝ ጠፋ። «እንደ ጎመን ነው፣ ሲቀነጥሱት ያቆጠቁጣል» ስላቸው ያን ጊዜ ገባቸው። አንዲት ጎረቤታችን ግን «እስኪያቆጠቁጥ አንቺን ማን ይጠይቅሻል?» አሉኝ፤ ሳቅንባቸው። ሁሉም የሚያስበው ስለ ወንድም ጋሼ ነበር፣ እኔም ጭምር።

አብረውን የሄዱት አጎቴ ናቸው፤ ጋሼ የምላቸው የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በቤታችን የአባት ቦታ የያዙ። ደም የተቃባ ያስታረቁ፣ ቃላቸው መሬት ጠብ የማይል ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ሲናገሩ ጣልቃ ገብቼ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል ጸጥ የማሰኝ መምህር ሆኜም አላውቅም።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ቀን የማደንዘዣ ሐኪሙ ወደ ክፍሌ መጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ቀጭን ሰው ነው። አስተርጓሚውም አብሮት ነበር፤ እዚያው የሚኖር ያገራችን ልጅ፣ በቀን ከአሥር በሽተኛ ዘንድ የሚሮጥ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ጀርባና ጎድን ሣለ። ከአከርካሪው ተነሥተው ጎድን ለጎድን እየዞሩ ወደ ሆድ የሚመጡትን ነርቮች በመስመር አሳየኝ። ከእንቅልፍሽ ስትነቂ የቁስሉን ሕመም ወደ አንጎልሽ የሚያደርሱት እነዚህ ናቸው አለኝ። ከአከርካሪው ጎን፣ ከጡንቻው ሥር መድኃኒት በመርፌ እናስገባለን፤ ቀጭን ቱቦም እንተዋለን፤ መድኃኒቱ ጠብ ጠብ እያለ ለጥቂት ቀን ነርቮቹን ያደነዝዛቸዋል። ሌላም ምክንያት ነበረው። የሚዋጠውንና በደም ሥር የሚሰጠውን የሕመም ማስታገሻ ከሰውነት የሚያጣራው ጉበት ነው። ከግማሽ በላይ ጉበትሽን ወስደን ያንን መድኃኒት እንደ ልብ ልንሰጥሽ አንችልም፣ ስለዚህ መርፌው ይሻልሻል አለ።

ገባኝ። እንዴት አይገባኝ? ነርቭን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ የማስተምር ሰው ነኝ።

አጎቴ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጀርባ የሚለውን። በእኛ አገር በቀዶ ጥገና የወለደች ሴት ወገቧን ባመማት ቁጥር የምትከሰው ያንኑ የጀርባ መርፌ ነው። ጎንበስ ብላ ማጨድ ያቃታትም፣ እንስራ ማንሣት ያቃታትም ሰበቧ እሱ ነው። ሐኪሙ ይኼኛው ወደ አከርካሪው ውስጥ አይገባም ብሎ ሁለት ጊዜ አስረዳቸው። አጎቴ ሰምተው ሲያበቁ በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ።

«ጀርባዋን አትንኩብኝ» አሉ። «ገና ያልወለደች ልጅ ናት። ሽባ አድርጋችሁብኝ ለእናቷ ምን ብዬ ላስረክባት? ሕመሙን እንደሆነ እኛ እንችለዋለን።»

እኛ አሉ። የሚቀደደው ሆድ የእኔ፣ የሚችሉት እኛ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ፈራሚዋ እኔ ነበርኩ፣ ምርጫውም የእኔ ነበር። አስተርጓሚው «ምን ልበለው?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌን የያዘው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ክብር ነው እንዳልል፣ ሰውን ማክበር ማለት ራስን ለቢላዋ መስጠት አይደለም። ፍርሃት ነው እንዳልል፣ ቢላዋውን አልፈራሁም። «ጋሼ እንዳሉ ይሁን» አልኩ። ሐኪሙ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ሰርዞ ወጣ፤ የሣለውን ሥዕል ግን አልጋዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ።

ስነቃ መጀመሪያ ያወቅሁት መተንፈስ እንደማልችል ነው። አየሩ ሞልቷል፤ ደረቴ ግን አልነሣ አለኝ። ከጡቴ ሥር ጀምሮ እስከ ቀኝ ጎኔ ድረስ በማረሻ የሚተለትሉኝ መሰለኝ። ሳል ሲመጣ ዓይኔ ይጨልማል፤ ሳሉን ስውጠው ደግሞ ይባስ። ነርሷ ቻርቱን ይዛ መጣች። አስተርጓሚው ከኋላዋ ስልኩን እያየ ቆሟል፤ አጎቴ በሩ አጠገብ ናቸው። ነርሷ ጠየቀች፤ አስተርጓሚው «እንዴት ነሽ፣ ያምሻል ወይ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ምን ልበል? እኛ እንዴት ነህ ስንባል ሌላ መልስ አልተማርንም። ልጁን የቀበረ ሰው እንዴት ነህ ሲሉት እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው። ገብሱን በረዶ የወሰደበትም እንደዚሁ ይላል። እውነቱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጠያቂው ቁጭ ሲል፣ ዝም ብሎ ሲጠብቅ፣ «እንዲያው ግን እንዴት ነህ?» ብሎ ሲደግም። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያውን መልስ እንደ መልስ የሚቆጥር ሰው የለም። አስተርጓሚው ይህን ያውቃል፤ እናቱም እንደዚያው ስትል ሰምቶ ነው ያደገው። ግን ቸኩሎ ነበር። በእንግሊዝኛ ደህና ናት፣ ምንም አያማትም አላት። ነርሷም ከዜሮ እስከ አሥር በሚለው መስመር ላይ ዜሮ ጻፈች።

እንግሊዝኛውን ሰምቼዋለሁ። ዜሮውንም አይቼዋለሁ። ይህን ያህል እንግሊዝኛ ያለኝ ሰው «አይደለም» ለማለት አልቸገርም ነበር። ግን አጎቴ በሩ ላይ ቆመው ራሳቸውን በኩራት ይነቀንቃሉ። እንችለዋለን ብለው ቃል ገብተዋል፤ የእሳቸውን ቃል እኔ ላጥፍ?

ሦስት ቀን እንደዚያ ሆንኩ። በየጥቂት ሰዓቱ ይመጣሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፣ ዜሮ ይጻፋል። በደም ሥሬ የሚገባው ጥቂት ማስታገሻም፣ ሕመም የለባትም ተብሎ ይበልጥ ተቀነሰ። አጎቴ ገብተው ግንባሬን ይስሙኝና ወንድም ጋሼ ወዳለበት ክፍል ይሄዳሉ። ከመሐል ሜዳ ስልክ ሲደወል ጥያቄው ሁሉ ስለ እሱ ነው፤ ምን ቀመሰ፣ ዓይኑ ነጣ ወይ፣ ተናገረ ወይ። እናቴ ለእኔ «አንቺማ ጠንካራ ነሽ» ብላ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጠች። የአንሶላውን ጫፍ ጠቅልዬ ጥርሴ ውስጥ አኖርኩት። ሆድ ይፍጀው ይላል ያገሬ ሰው። ሆዴ የተቀደደ መሆኑን ማንም አላስታወሰውም።

ያጋለጠችኝ አንዲት ፕላስቲክ ናት። ሳንባዬ እንዳይታፈን ብለው መተንፈሻ ሰጥተውኝ ነበር፤ ሦስት ትንንሽ ኳሶች በሦስት ጠባብ ቱቦ ውስጥ ያሉባት። በአፍ ሲስቡ ኳሶቹ ወደ ላይ ይነሣሉ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ሦስቱንም ባንድ ጊዜ አንሥቼ አጎቴን አስቄያቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሌላ ነርስ መጣች፤ ጸጉሯ ሸበት ያለ፣ ብዙ የማትናገር ሴት። ሳቢ አለችኝ። ሳብኩ። አንዷም ኳስ ንቅንቅ አላለችም።

ቻርቱን አየች፤ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነው። ኳሶቹን አየች። የልብ ምቴን የሚቆጥረውን ማሽን አየች። ቀጥሎ አንሶላውን ከእጄ ወስዳ ጫፉን ዘረጋችው፤ በጥርሴ ነክሼ በሳስቼው ነበር። አጎቴን በትህትና ወደ ውጭ ሸኘቻቸው፤ አስተርጓሚውንም አስወጣችው። ከዚያ በሕይወቴ የማልረሳውን ነገር አደረገች፦ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

እንደ አገሬ ጠያቂ ቁጭ አለች። በዝግታ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት። አልጻፈችም። ዝም ብላ ጠበቀች። ጥቂት ቆይታ አሥር ጣቶቿን ፊቴ ዘርግታ «ስንት?» አለችኝ።

«አሥር» አልኩ፤ ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። ከዚያ አለቀስኩ። ልቅሶ ቁስልን ምን ያህል እንደሚያናውጥ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጉበት ሲጎድል ደም ቶሎ ስለማይረጋ መጀመሪያ ደሜን መረመሩ። ደህና መሆኑን ሲያዩ ያ ባለመነጽሩ ሐኪም መጣ። አንድም ቃል አልወቀሰኝም፤ ቅጹን ሰጠኝ፣ ፈረምኩ። በግራ ጎኔ አስተኙኝ። ሐኪሙ የጀርባዬን ጡንቻ በስክሪን እያየ መርፌውን ከአከርካሪዬ ጎን አስገባ። የተሰማኝ የአውራ ጣት ግፊት ያህል ነው። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ፍም ላይ አመድ ሲመልሱበት እንደሚሆነው፣ ሕመሙ ከዳር እስከ ዳር ተዳፈነ። እዚያው እንዳለ አውቃለሁ፤ አያቃጥለኝም። ሳልኩ፣ ምንም አልሆንኩም። ኳሶቹን ሳብኩ፤ አንዷ ተነሣች፣ ሁለተኛዋም ተከተለቻት።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። የመጣብኝ ግን ንዴት ነው፤ እንደዚያ ያለ ንዴት ከዚያ በፊት አላውቅም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ኖሯል እንዴ! አንድ መርፌ፣ አንድ ቀጭን ቱቦ። ሦስት ቀን የነደድኩት በሽታዬ ስለጠና አይደለም፤ መድኃኒት ስለጠፋም አይደለም። ጋሼ ጀርባ የሚል ቃል ስለሰሙ፣ አንድ ቸኩሎ የነበረ ልጅ ሁለተኛ ስላልጠየቀ፣ እኔም አፌን ስለዘጋሁ ነው። ከሦስታችን ማንን ይበልጥ መጥላት እንደሚገባኝ እያማረጥኩ ዋልኩ። ዕጣው ብዙ ጊዜ በእኔው ላይ ያርፍ ነበር።

ለአጎቴ ነገርኳቸው? አልነገርኳቸውም። በማግስቱ ቀና ብዬ ተቀምጬ ሲያዩኝ «ይኸው፣ አልኩ አላልኩ?» አሉ። ቱቦው ጀርባዬ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ፣ እኔ በላዩ ተደግፌ፣ «አዎ ጋሼ» አልኳቸው።

ወንድም ጋሼ ዳነ። ስንመለስ በግ ታረደ፤ ሰው ሁሉ እንኳን እግዜር ማረህ እያለ ጉልበቱን አቅፎ ሳመው። ለእኔ እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ፣ ሠርጌ ይመስል። አጎቴ ያንን ወሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወሩት በዚያ ቀን ነው። ወንድም ጋሼ ሰምቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን እሱም ሳያምሽ ቀረ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። መልሱን አጎቴ ሰጥተውት ነበራ።

ወሬው እኔ ላይ ቢቆም እችለው ነበር። አልቆመም። አንድ ቀን የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ክንዷ ላይ የፈላ ውኃ ተደፍቶባት ጤና ጣቢያ ደረስኩ። ፋሻው ሲቀየር ልጅቱ ትጮሃለች። እናቷ እጇን ጨምድዳ ይዛ «ዝም በይ! መምህርሽን አታዪም? ሆዷን ሲቀዷት እህ አላለችም» ትላታለች። ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። የእኔ ዝምታ አለንጋ ሆኖ በሰው ልጅ ጀርባ ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አየሁ። «ጩኺ፣ እኔም ማልቀሴ አልቀረም» ልላት ይገባ ነበር። እናትየዋን ማሳፈር ሆነብኝና ሳልላት ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ራሴን ሰደብኩ።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ በጋራ የሚጠበቀው የጓሳ ሣር ሜዳ ተከፈተ። ለዓመታት ተከልክሎ የቆየው ሣር ሊታጨድ ሕዝቡ ሲወጣ፣ አጎቴም በፈረስ ወጡ። ሲመለሱ ፈረሱ አንሸራተተውና ድንጋይ ላይ ወደቁ፤ በቀኝ በኩል አራት ጎድናቸው ተሰበረ። በቃሬዛ አውርደው፣ ከዚያ በመኪና ሆስፒታል አደረሷቸው። ሰምቼ ስደርስ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ጠውልጓል። ትንፋሻቸው ከጉሮሮ አያልፍም፤ ሳል ሲመጣባቸው ይውጡታል። ያንን ሳል የመዋጥ ሥራ አውቀዋለሁ።

ወጣት ነርስና አንድ የማደንዘዣ ባለሙያ በየአልጋው እየዞሩ ነበር። ነርሷ «አባባ፣ እንዴት ነዎት? ያምዎታል?» አለቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነኝ።»

ነርሷ ብዕሯን ካርዱ ላይ አሳረፈች። አልዋሽም፤ ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለኝ። ይቅመሷት አልኩ በልቤ። ሦስት ቀን ይቁጠሩ፤ ከዚያ እኔ በየሠርጉ አወራላቸዋለሁ። ደግሞ ያንን የታፈነ ትንፋሽ ሰማሁት፤ ጎኔ ላይ ያለው ጠባሳ የተነካ ያህል ተሰማኝ።

«አትጻፊ» አልኳት ነርሷን። ወንበሩን ስቤ አቀረብኩላት። «እባክሽ ተቀመጪና እንደገና ጠይቂያቸው።»

አጎቴ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። በእሳቸው ንግግር መካከል ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሼ፣ በቁጥር ይንገሯት፤ ዜሮ ማለት ምንም አያምም፣ አሥር ማለት ከዚህ በላይ ሕመም የለም ማለት ነው፤ እስኪነግሯት ድረስ እሷም እኔም ከዚህ አንሄድም አልኳቸው። ነርሷ ተቀመጠች።

«ስምንት በያት» አሉ በመጨረሻ፣ በግ እንደሚያስማማ ሰው። ሳል መጣባቸው፤ ውጠው ሲጨርሱ ላብ አጠመቃቸው። «ዘጠኝ ትበል።»

የማደንዘዣ ባለሙያው ቀረብ ብሎ በጎድን መካከል ያለውን ነርቭ በመርፌ እንደሚያደነዝዝላቸው ነገራቸው፤ እንዲተነፍሱ፣ ሳንባቸው እንዳይታመም። መርፌው የሚገባው ከጀርባ በኩል መሆኑን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ተወግቼዋለሁ» አልኳቸው። «ይኸው በእግሬ ቆሜያለሁ።»

«መቼ?»

«ህንድ። በሦስተኛው ቀን፣ እርስዎን ከክፍሉ አስወጥተው።»

አላመኑኝም መሰለኝ፤ ከዚያ ግን አመኑ። ልብሳቸውን ራሳቸው ገልጠው ጀርባቸውን ለሰውየው ሰጡ። መርፌው ሲገባ እጃቸው የአልጋውን ብረት ይፈልግ ነበርና እጄን ሰጠኋቸው። ብዙም ሳይቆይ ትከሻቸው ወረደ። መጀመሪያ በጥንቃቄ፣ ቀጥሎ በሙሉ ደረታቸው ተነፈሱ። ሳሉና ምንም ባለመሆናቸው ተደንቀው ደግመው ሳሉ።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሽማግሌ አልነበረም።

«ያኔ... ሦስቱን ቀን፣ አንቺንም እንዲህ ነበር የሚያምሽ?»

ከመሐል ሜዳ እስከ ህንድ፣ ከእናቴ እስከ ወንድም ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ዘመድ ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ምላሴ እንደ ልማዷ እግዚአብሔር ልትል ተነሣች። ነከስኳት።

«አሥር ነበር ጋሼ» አልኳቸው። «ሦስቱንም ቀን አሥር ነበር። ይህንንም ያውሩልኝ።»